የወንድሜ ሕክምና ለምን በዕጣ ይለያል?

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜን ከሁለት ወር በፊት መኪና ገጭቶት ጭንቅላቱ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ራሱን ስቶ ሳለ አንዲት ሬዚደንት ሐኪም መጥታ ጥናት እየተካሄደ መሆኑን፣ ከሁለቱ ሕክምናዎች የትኛው እንደሚደርሰውም በዕጣ እንደሚለይ ነግራኝ ፎርም እንድፈርም ጠየቀችኝ። መለማመጃ ሊያደርጉት ነው ብዬ ስለደነገጥኩ አልፈረምኩም። እሱ ዛሬ ደህና ነው። ለመሆኑ ሐኪም የሚሻለውን እያወቀ ዕጣ የሚያወጣው ለምንድን ነው?

መልስ፦ እንኳን ወንድምዎን አተረፈልዎ። አለመፈረም መብትዎ ነው፤ በዚህም ምክንያት የሚቀርበት ሕክምና ሊኖር አይገባም። ሬዚደንት ማለትም ሐኪምነቱን ጨርሶ በስፔሻሊስቶች ሥር የሚሠለጥን ባለሙያ ነውና ይህ አያስጋዎት።

ዕጣ የሚወጣው ግን ሐኪሞች የሚሻለውን በእርግጠኝነት በማያውቁበት ጊዜ ነው። እኔ በሠለጠንኩበት ዘመን ጭንቅላቱ ለተመታ ሰው ኮርቲኮስቴሮይድ መስጠት የተለመደ ነበር። መድኃኒቱ በአንጎል ዕጢ ዙሪያ ያለውን እብጠት ስለሚቀንስ የአደጋውንም ይቀንሳል ብለን እናምን ነበር፤ እኔም በሌሊት ተረኝነቴ መርፌውን ቀድቼ ስሰጥ ጥሩ እንደሠራሁ ይሰማኝ ነበር። ልማዱ ከ30 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ ክራሽ የተባለው ጥናት በብዙ አገሮች 10,008 ተጎጂዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ለግማሾቹ መድኃኒትነት የሌለው ተመሳሳይ ፈሳሽ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ ሲወጣ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 21.1 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 17.9 በመቶ ሞተው ተገኙ። በቅን ልቦና የሰጠነው መርፌ ሰው ይገድል ነበር። ይህን ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ምርጫው ለሐኪሙ ቢተው ኖሮ ጉዳቱ ተሸፍኖ ይቀር ነበር፤ ሐኪም አዲሱን መድኃኒት ተስፋ ላለው ወይም በጣም ለጠናበት መርጦ ስለሚሰጥ፣ ልዩነቱ ከመድኃኒቱ ይሁን ከሕመምተኛው መለየት አይቻልም። ዕጣ ጠቃሚውንም ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ክራሽ 2 በ40 አገሮች 20,211 ተጎጂዎችን አጥንቶ፣ የደም መፍሰስን የሚቀንሰው ርካሽ መድኃኒት ትራኔክሳሚክ አሲድ ደም ከሚፈሳቸው ወይም ለዚያ ከሚያሰጉ ተጎጂዎች መካከል የሚሞቱትን ከ16 ወደ 14.5 በመቶ እንደሚያወርድ አሳየ። ቀጥሎ የወጣው ትንተና ደግሞ መድኃኒቱ ከአደጋው በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ሊጎዳ እንደሚችል ስላመለከተ፣ ተጎጂን ፈጥኖ ማድረስ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከዚህ ይረዱ።

ወደፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢቀርብልዎ፣ ጥናቱን የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆት እንደሆነ፣ በሁለቱም ወገን የተለመደው ሕክምና እንደማይቋረጥ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚጠየቅ ይጠይቁ፤ የፎርሙንም ቅጂ ይውሰዱ። እርስዎ ፈርመው ቢሆን እንኳ ወንድምዎ ራሱን ሲያውቅ ፈቃዱ እንደገና ሊጠየቅ፣ አልፈልግም ካለም ከጥናቱ ሊወጣ ይገባው ነበር።