ጉልት ወይስ ርስት?

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ባለፈው የመስቀለኛ ቃላት ገጽ ላይ «ለባለሟል የሚሰጥ፣ ግብር የማስገበር መብት» ለሚለው ባለ ሦስት ፊደል «ርስት» ብዬ ሞላሁ። «የማለዳ ጸሎት» ለሚለውም «ሱብሂ»። ሁለቱም ስህተት ተብለዋል። ለምን?
— አንባቢ፣ ከጅማ ሂርማታ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያው አልስማማም። ርስት ከአባት ከእናት የሚወረስ የመሬት መብት ነበር፤ ባለርስቱ ራሱ ያርሰው፣ ለልጁም ያወርሰው ነበር። ጉልት ግን መሬቱ አልነበረም። ንጉሡ ለመኳንንት ወይም ለቤተ ክርስቲያን ይሰጠው የነበረው፣ ከዚያ መሬት ግብር የመቀበል መብት ነበር። አንድ ማሳ የገበሬው ርስት፣ የጌታው ደግሞ ጉልት ሊሆን ይችል ነበር። ሦስት ፊደል መሆናቸውና በ«ት» ማለቃቸው ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ቁልቁል የወረደው «ሥልጣን» ግን «ል»ን ይሰጥዎት ነበር።

በሁለተኛው እውነቱ ከእርስዎ ጋር ነው። ነግህም ሱብሂም የማለዳ ጸሎት ናቸው፣ ሁለቱም ሦስት ፊደል። እኔ «ነግህ»ን የፈለግሁት መካከለኛው «ግ» ቁልቁል ለሚሄደው «ግብር» መነሻ ስለሆነ ነው። ይሁን እንጂ ፍንጩ «በቤተ ክርስቲያን» የሚል ቃል ያስፈልገው ነበር። በጅማ ማለዳ በአዛን የሚነቃ ሰው ሌላ ምን ይጽፋል? ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ።

«ግብር» ካልኩ አይቀር፣ የእናንተው ዳግማዊ አባ ጅፋር ለአፄ ምኒልክ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ኖረዋል። በሚቀጥለው እትም ጅሬን ያለው ቤተ መንግሥታቸው በአግድም አንድ ላይ ይገባል።