34 በተን ያለው ቱልባር፦ የቱ ይቅር፣ የቱ ወደ ሜኑ ይውረድ?

ሰላም ወንድሜ። በፓይሳይድ (ኪውቲ የሚባለውን የመስኮትና የበተን መሥሪያ ከፓይተን ጋር ማገናኛ) የሠራኸው የመጋዘንና የሽያጭ ሶፍትዌር ቱልባሩ (የአይከን በተኖች ረድፉ) ላይ 34 በተን አለው፤ ደንበኞች "ተጨናነቀብን" ይላሉ፣ ስትደብቅላቸው ደግሞ "የት ገባ?" ብለው ይደውላሉ ብለሃል።

ቱልባር ለፍጥነት ነው፣ ሜኑ ለመፈለጊያ። ስለዚህ መጀመሪያ 34ቱም ተግባር ሜኑ ውስጥ መኖሩን አረጋግጥ፤ ቱልባር ላይ ብቻ ያለ ነገር አይኑር። ለእያንዳንዱ አንድ ኪውአክሽን (የትዕዛዙን ስም፣ አይከንና ሥራ በአንድ የሚይዝ የኪውቲ ነገር) ፍጠርና ያንኑ ለሁለቱም ስጥ። አይከኑ አንድ ስለሚሆን ከቱልባር የወረደውን ሰው ሜኑ ውስጥ በመልኩ ይለየዋል።

ስፋቱን በአንተ ሳይሆን በደንበኛው ስክሪን አስላው። 1366 በ768 የሆነ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ላይ የማሳያ ማጉያው 125 ከመቶ ሲደረግ የሚተርፈው ስፋት 1093 ፒክስል ገደማ ነው። ባለ 24 ፒክስል አይከን ከነክፍተቱ 32 ቢይዝ፣ 34ቱ 1088 ወሰዱ ማለት ነው። መለያ መስመር ከተጨመረ ሞልቶ ይፈሳል፤ የአማርኛ ስም ከጎኑ ከተጻፈማ ግማሹም አይገባም። ኪውቲ የተረፈውን በቀኝ ጫፍ ካለችው ትንሽ ድርብ ቀስት ጀርባ ይከተዋል፣ ያቺን ደግሞ ልብ የሚላት ጥቂት ነው። "ጠፋብኝ" ከሚባሉት መካከል አንተ ጨርሶ ያልነካኸው ሊኖር ይችላል።

የትኛው እንደሚቀር በግምት አትወስን። ትሪገርድ ሲግናል (ትዕዛዙ ሲነካ ኪውአክሽኑ የሚልከው መልእክት) ላይ ቆጣሪ አስገባ፤ የተግባሩን ስም፣ ቀኑንና የተጠቃሚውን የሥራ ድርሻ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሲኤስቪ ፋይል (በኮማ የተለያየ የሰንጠረዥ ጽሑፍ) ውስጥ ይጻፍ። ሙሉ ወር ይሂድ፤ በሁለት ሳምንት ብታቆመው ወርሃዊው የቫት ሪፖርት ሊያመልጥህ ይችላል። ድምሩንም በጥሬው አትመን፦ ካሸር ቀኑን ሙሉ የሚጫነው በተን ለሂሳብ ሠራተኛ ምኑም አይደለም። ለየድርሻው ከ8 እስከ 10 በተን ምረጥ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲያልቅ አንዴ የሚነካው "ዓመት መዝጊያ" ሜኑ ይበቃዋል። "ሰርዝ" ከ"መዝግብ" ጎን ከተቀመጠ ግን አንድ ቀን ጉድ ያፈላል፤ አውርደው።

"አትም"፣ "ቅድመ እይታ" እና "ፒዲኤፍ" በአንድ ተዘርጋፊ በተን ይጠቃለሉ። ዋናው ክፍል ሁልጊዜ "አትም" ይሁን እንጂ መጨረሻ በተመረጠው አይቀያየር። እጅ ቦታ ይለምዳል። ማይክሮሶፍት በኦፊስ 2000 ብዙም የማይነኩ የሜኑ ትዕዛዞችን ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲሸሽግ አድርጎ ነበር፤ ሰው ግራ ተጋባ፣ በኦፊስ 2007 ሪበን (በታብ የተከፋፈለው የበተን ሰሌዳ) ሲመጣም ቀረ። አንተም አትድገመው።

ለጊዜው የማይሠራ በተን ይደብዝዝ እንጂ አይጥፋ፤ ቱልቲፑ (ማውስ ሲያርፍበት ብቅ የሚለው ጽሑፍ) ላይ ምክንያቱን ጻፍ ("መጀመሪያ ዕቃ ይምረጡ")። ፈጽሞ ፈቃድ ለሌለው ሰው ግን ባይታየው ይሻላል።

አሁን ኪውቲ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናቅፈው። ቱልባሩ ላይ ራይት ክሊክ ሲደረግ በዲፎልት ቱልባሩን የሚያጠፋ ሜኑ ይወጣል። ሰው ሳያውቅ ምልክቱን ያነሳል፣ ሴቭ ስቴት (የመስኮቱን አደራደር የሚያስቀምጠው የኪውቲ ተግባር) ያንን ይመዘግበዋል፣ በማግስቱም ሲከፈት ቱልባር የለም። የቱልባሩን ቶግል ቪው አክሽን (ማሳያና መደበቂያ ትዕዛዙን) ዲሴብል አድርገው፣ "እይታ" ሜኑ ውስጥም "ወደ ነበረበት መልስ" ጨምር። ለእያንዳንዱ ቱልባር ኦብጀክት ኔም (በኮዱ ውስጥ መለያ ስም) ካልሰጠህ ሪስቶር ስቴት (የተቀመጠውን አደራደር የሚመልሰው) አያገኘውም። አደራደሩን በቀየርክ ቁጥር ለሴቭ ስቴትም ለሪስቶር ስቴትም የምትሰጠውን የቨርዥን ቁጥር ከፍ አድርግ፤ አሮጌው ቁጥር ስለማይገጥም አዲሱ አደራደር ይመጣል። ሴቭ ስቴት የሚይዘው የቱልባሩን ቦታና መታየቱን እንጂ በተኖቹን አይደለም። ተጠቃሚው ራሱ እንዲመርጥ ከፈቀድክ ዝርዝሩን ኪውሴቲንግስ (የኪውቲ ቅንብር ማስቀመጫ) ላይ ለብቻው አስቀምጠው።

ለሾርትከት የኤፍ ቁልፎችን ተጠቀም፣ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቢሆንም አይለዋወጡም። ሾርትከቱን ቱልቲፑ ላይም ጻፈው፦ "ሽያጭ መዝግብ (ኤፍ 9)"።