የድሮ የአሜሪካ ወርቅ ሳንቲም ለያዛችሁ ወገኖቼ፦ እባካችሁ አትወልውሉት

ዋሽንግተንና አካባቢው ከ30 ዓመት በላይ ስኖር፣ ሳንቲም እንደምሰበስብ የሰሙ ወገኖቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ስንት ግራም ይመዝናል?» ጥያቄው ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች አብሮን የመጣ ነው፤ እዚያ ጌጥ በግራምና በካራት ይገዛል፣ በዚያው ሚዛን ይሸጣል። ከ1795 እስከ 1834 ፊላደልፊያ ውስጥ የታተመ የወርቅ ሳንቲም ግን በዚህ ሚዛን አይዳኝም። ይህን ባለማወቅ ሲከስሩ ያየኋቸው ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ እኔ ነኝ።

1. ስለ ወረቀቱ። የግዢ ደረሰኝ አትጣሉ፤ ከአንድ ዓመት በላይ አቆይታችሁ ብትሸጡት እንኳ በትርፉ ላይ የሚጣለው የፌዴራል ግብር እስከ 28 በመቶ ሊደርስ ይችላል። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ለሳንቲም የሚከፍለው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለብቻው አስመዝግቡት።

2. ስለ ብርቅነቱ። ዓመተ ምሕረቱን ብቻ አይቶ «አሮጌ ነውና ውድ ነው» ማለት ስሕተት ነው። የማርትሬዛን ጠገራ ብር የምታውቁ፣ ንግሥቲቱ ከሞተች ከብዙ ዘመን በኋላ የታተመውም ሁሉ 1780 የሚል ቁጥር እንደያዘ ታውቃላችሁ። የታተመውም ብዛት ቢሆን ያሳስታል። በ1795 የታተመው ባለ አምስት ዶላር፣ ግማሽ ኢግል የሚባለው፣ 8,707 ብቻ ሲሆን እስከ ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠር ተርፏል። በ1822 የታተመው 17,796 ሆኖ ሳለ ዛሬ የሚታወቁት ግን ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ እዚሁ ዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ተቋም እጅ ይገኛሉ፣ ሦስተኛው በ2021 በ8.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። የቀሩት የት ገቡ? የ1792ቱ የአሜሪካ የሳንቲም ሕግ አንዱን እጅ ወርቅ በ15 እጅ ብር ስለተመነው፣ በአውሮፓ ደግሞ ወርቅ ከዚያ የተሻለ ዋጋ ስለነበረው፣ ሳንቲሙ እየተጫነ ወጥቶ ቀለጠ። በ1834 አዲሱ ሳንቲም ክብደቱ እንዲቀንስ ሲደረግ፣ የአሮጌው ወርቅ ከተሰየመበት አምስት ዶላር በላይ የሚያወጣ ሆነና የተረፈውም አብዛኛው ወደ ማቅለጫው ገባ።

3. ስለ መወልወል። እዚህ ላይ ብቆጣ አትቀየሙኝ። በመኪና ማቆሚያ እየሠራሁ፣ ከአንድ ዓመት በላይ አጠራቅሜ የ1806 ግማሽ ኢግል ገዛሁ። በአንድ ገጹ የነጻነት ምልክት የሆነችው ሴት አለች፤ ቆቧን የድሮ ሰብሳቢዎች «ጥምጣም» ይሉት ነበር፣ እኔ ግን የእናቴን ሻሽ አስታወሰኝ። ዋጋው የትም አልተጻፈበትም፤ በዘመኑ የነበረ ነጋዴ በመጠኑና በክብደቱ ነበር የሚለየው። 8.75 ግራም የሚመዝን፣ 22 ካራት ወርቅ ነው። በአገልግሎት ቢደበዝዝም በጸጉሯ ዘለላዎች መካከል የመጀመሪያው ወዘና ገና ነበረ።

ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ስትጨርስ ሳንቲሙን ለአንድ ወርቅ ሠሪ ሰጥቼ አስወለወልሁት፣ ለአንገት እንዲሆንም ማንጠልጠያ አስበየድሁበት። እንደ አዲስ ሲያብለጨልጭ ባየሁ ጊዜ ደስ ብሎኝ ጉርሻ ጨምሬ ከፈልሁ! ከዓመታት በኋላ ለሚመረምሩ ባለሙያዎች ባሳየው ከ1 እስከ 70 ከሚሰጠው ደረጃ አንዱንም አላገኘም፤ «እውነተኛ ነው፣ ነገር ግን ተወልውሏል፣ ተበይዷል» ተባልሁ። ሊያወጣ ይችል ከነበረው ዋጋ የቀረልኝ ከወርቁ ብዙም የማይርቅ ነበር። ወዘናው ቀለም አይደለም፤ ማኅተሙ በብርቱ ሲያርፍበት ወርቁ ተስቦ የሠራቸው ረቂቅ መስመሮች ናቸው፣ አንድ ጊዜ ከተፋቁ አይመለሱም። በሎሚም፣ በጥርስ ሳሙናም፣ በለስላሳ ጨርቅም አትንኩት፤ የምትይዙት በጠርዙ ብቻ ነው። ትይዩ የሆኑ የሞረድ ጭረቶች ብታዩም አትደንግጡ፤ ከመታተሙ በፊት ክብደቱ የበዛውን ጥፍጥፍ ሠራተኞች በሞረድ ያስተካክሉት ነበርና ያ ጭረት እንደ ኋላ ጉዳት አይቆጠርም።

ያገለገለ ቶዮታ ለመግዛት ሦስት መካኒክ አስከትሎ የሚሄድ ወገኔ፣ ለሳንቲም ሲሆን አንድ ሰው መጠየቅ ለምን እንደሚያፍር አይገባኝም። እኔም ያኔ አንድ ሰው ጠይቄ ቢሆን ኖሮ! ማንጠልጠያውን ላስነቅለው አስቤ ነበር፤ መንቀሉ ሌላ ጠባሳ ይጨምራል ስላሉኝ ተውሁት። ልጄ ለበዓል ታደርገዋለች፣ እኔም ባየሁት ቁጥር ዓይኔን ወደ ሌላ እመልሳለሁ።

4. ስለ መግዛትና መሸጥ። ሳንቲም መርምረው ደረጃ በሚሰጡት ድርጅቶች፣ በፒሲጂኤስ ወይም በኤንጂሲ፣ ተመርምሮ የታሸገውን ግዙ፤ ማሸጊያውም ስለሚጭበረበር ቁጥሩንና ፎቶውን ከድርጅቱ መዝገብ ጋር አመሳክሩ። ስትሸጡ ተመሳሳይ ሳንቲም በቅርብ ጨረታ ያወጣውን ተመልክታችሁ ቢያንስ ሁለት ነጋዴ ጠይቁ። ገዢው ገና ሳያየው ሚዛን ካወጣ፣ ሳንቲማችሁን አንሥታችሁ ውጡ።