ጥርሴን አሁን ላንጣ ወይስ አላይነሩ ይለቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ግን ወንጂ ነው። ጥርሴ ላይ ቡናማ መስመርና ነጫጭ ነጠብጣብ አለ። ሰው ሁሉ “ቡና ታበዣለሽ” ይለኛል፤ እኔ ቡና መጠጣት የጀመርኩት አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ነው። የፊት ጥርሶቼ ተደራርበው ስለነበር በግልጽ አላይነር (ጥርስ ላይ እየተጠለቀ ቀስ በቀስ በሚያስተካክል የፕላስቲክ ልብስ) እየተስተካከልኩ ነው፤ ኅዳር መጨረሻ ላይ ያልቃል። ጥር ላይ አዳማ የእህቴ ሠርግ አለ። የአጎቴ ልጅ “የማንጫውን ጄል አላይነሩ ውስጥ አድርጊና ተኚበት፣ እየተስተካከለ ይነጣልሻል” አለችኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ትላለች። የቱን ላድርግ? የ4 ዓመት ልጅም አለችኝ፤ ጥርሴን ትወርስብኝ ይሆን?
ሰ. ነኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ እህቴ ሰ.፣ ከሎሚው ልጀምር፤ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ነው። ሎሚ የዶሮ ማጠቢያ ነው። አሲዱ የጥርስን የላይኛውን ንጣፍ፣ ኢናሜሉን፣ ይበላዋል፤ የተበላ ኢናሜል ተመልሶ አያድግም። ንጣፉ በሳሳ ቁጥር ከሥሩ ያለው ቢጫማ ክፍል ጎልቶ ስለሚታይ ነጭ አገኛለሁ ስትዪ ቢጫ ታተርፊያለሽ።

የአጎትሽ ልጅ ሐሳብ እንኳ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ጄል በፕላስቲክ ልብስ ውስጥ አድርጎ ማደር እኛም የምናዝዘው ነገር ነው። ጊዜው ግን አሁን አይደለም። ጥርስሽ ላይ የተለጠፉ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ አይደል? አታችመንት የሚባሉት፣ አላይነሩ ጥርሱን ጨብጦ እንዲገፋው የሚረዱት። የሚሠሩት ከጥርስ መሙያ ኮምፖዚት ነው። ጄል ኮምፖዚትን አያነጣም፤ ከሥሩ ያለውን ጥርስም እንደ ሌላው አያገኘውም። ኅዳር ላይ ሲነሱልሽ ዙሪያው ነጥቶ መሐሉ የድሮ መልኩን እንደያዘ ልታገኚው ትችያለሽ። በዚያ ላይ አላይነሩ ገና እየገፋው ያለ ጥርስ አመል አለው። ማንጫው ሲደረብበት ቀዝቃዛ ውኃ ሁሉ ይሰቀጥጥሻል፤ ያን ጊዜ አላይነሩን ማውለቅ ትጀምሪያለሽ። በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍሽ ውስጥ መዋል ያለበትን ነገር በመጨረሻዋ ሰዓት ካጓደልሽ የከፈልሽበት ሥራ ይበላሻል።

አሁን ወደ ወንጂ እንመለስ። አዳማ ስሠራ ከወንጂ፣ ከመተሐራ፣ ከዝዋይ የሚመጣ ሰው አፉን ሲከፍት አገሩን ሳይነግረኝ እገምት ነበር። የስምጥ ሸለቆው ከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሐል ሲያልፍ ፍሎራይድ ይሸከማል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚያ እጅግ ያልፋል። ልጅ እስከ 8 ዓመቱ ድረስ፣ ቋሚ ጥርሱ ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ይህን ውኃ ከጠጣ ኢናሜሉ ቀዳዳ የበዛበት ሆኖ ይሠራል። ጥርሱ ሲወጣ ነጭ ኖራ የመሰለ ነው። ቡናማው የሚመጣው በኋላ ነው፤ ያ ቀዳዳ ያለው ኢናሜል ከአፍ ውስጥ ቀለም እየሳበ ይጠቁራል። ካደጉ በኋላ ወንጂ የሄዱ ሠራተኞች ጥርስ ቡናማ የማይሆነውም ኢናሜላቸው ቀድሞ ተሠርቶ ስላለቀ ነው።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት ካንቺ ጉዳይ ጋር ስለሚገናኝ ነው። ቡናማው የተሳበ ቀለም ስለሆነ ጄል ብዙ ጊዜ ያደበዝዘዋል። ነጫጩ ነጠብጣብ ግን የኢናሜሉ አሠራር ራሱ ነው፤ ጄል አያነሣውም። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥርስ ስለሚደርቅ ነጠብጣቡ ያፈጥጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ ያቆማል። አትደንግጪ፤ ውኃው ሲመለስለት ይረጋጋል፣ የተቀረው ጥርስ ሲነጣም ልዩነቱ ይጠባል። በዚሁ ምክንያት በሠርጉ ሳምንት ክሊኒክ ገብተሽ በጠንካራ ጄል እንዳታስነጪ፤ ነጠብጣቡ ባፈጠጠበት ቀን ፎቶ ትነሻለሽ።

እንግዲህ ኅዳር ላይ አታችመንቱ ይነሣ፣ ቅሪቱም ተለቅሞ ጥርሱ ይወልወል። የተቦረቦረ ጥርስ ካለ አስቀድሞ ይታይ። ከዚያ የሚሰጥሽን ግልጽ ሪቴይነር፣ የተስተካከለው ጥርስ ወደ ቦታው እንዳይመለስ የሚይዘውን ልብስ፣ ለጄሉ ተጠቀሚበት። ባለ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ የሆነ የማንጫ ጄል ጠይቂ። ቁጥሩ ትልቅ ቢመስልም ከ3.5 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር እኩል ነው፤ ላንቺ ዓይነት ጥርስ ቀስ ብሎ የሚሠራው ይሻላል። ማታ ጥርስሽን ቦርሺ፤ ሪቴይነሩ ውስጥ በፊት ለፊቱ በኩል በየጥርሱ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ አድርጊ። ሪቴይነር ጥብቅ ስለሆነ ትርፉ ወደ ድድ ይፈስሳል፤ በጣትሽ ጥረጊው። ድድሽ ነጣ ካለ ተቃጥሎ ነው፤ ታጠቢና አሳርፊው፣ ይድናል። ከሰቀጠጠሽ አንድ ቀን እየዘለልሽ አድርጊ፣ ፖታሲየም ናይትሬት ያለበት የጥርስ ሳሙናም ተጠቀሚ። ለሌላ ሰው ሁለት ሳምንት የሚበቃው ላንቺ ሊረዝም ይችላል፤ ታኅሣሥን ሙሉ ያዢለት። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ይቆይ።

ከታች ጥርስ ጀርባ ጥርሱን በቦታው የሚይዝ ሽቦ የሚለጠፍልሽ ከሆነ ከማንጣቱ በፊት ይለጠፍ፤ አለዚያ ከጨረስሽ በኋላ ሁለት ሳምንት ጠብቂ፣ ማጣበቂያው በቅርብ በነጣ ጥርስ ላይ በደንብ አይዝም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀር ቡናማ ካለ ሐኪም ማይክሮአብሬዥን በሚባለው መንገድ በስሱ ይፍቀዋል። ለሠርጉ ካልደረሰም ከሠርጉ በኋላ ይደረግ፤ ሙሽራዋ እህትሽ ናት።

ልጅሽ አትወርስም፤ በደም የሚተላለፍ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፍሎራይድ በሚጨመርበት የቧንቧ ውኃ የሚመከረው 0.7 ሚሊግራም በሊትር ነው። የሚያሳስበኝ የጥርስ ሳሙናው ነው፤ በ4 ዓመቷ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃታል፣ እንዳትውጠውም አጠገቧ ቁሚ። ወንጂ ትንሽ ልጅ ያለው ዘመድ ካለሽ ደግሞ ውኃ ማፍላት ፍሎራይድን እንደማያስወጣ ንገሪው፤ ውኃው ሲተን የቀረው ውስጥ ይበልጥ ይበዛል። ለሕፃን የሚጠጣውና ወተት የሚበጠበጥበት ውኃ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ከሆነ ምንጭ ይምጣ።