500 ሌብል ለማተም አንድ ሰዓት ተኩል ለምን ይፈጃል?

ማር አሽገው የሚሸጡ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ባለ ቀለም የሌብል ፕሪንተር ገዝቼ የማር ጠርሙሶቼን ሌብል ራሴ አትማለሁ። ሌብሉ ወርዱ 100፣ ቁመቱ 60 ሚሊ ሜትር ነው። ዲዛይኑን ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ አስገብቼ፣ ባች ቁጥሩን (በአንድ ዙር የታሸገውን ማር የሚለየውን ቁጥር) እና ቀኑን ኤክሴል ላይ ካዘጋጀሁት 500 መስመር እንዲያነብ አድርጌያለሁ። 500 ሌብል አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል። ሲሸጡልኝ ግን በሰከንድ 100 ሚሊ ሜትር ያትማል ብለውኝ ነበር። ተበላሽቶ ነው ወይስ ሌላ ልግዛ?»

እህቴ፣ ገንዘብዎን ይያዙ። መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ።

60 ሚሊ ሜትር ሌብል፣ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲጨመርበት 63 ነው። በ500 ሲባዛ 31 ሜትር ተኩል ይሆናል። ያ የተነገረዎት ፍጥነት ብዙ ጊዜ የሚለካው በዝቅተኛው ጥራትና ጠበብ ባለ ሌብል ነው፤ ስለዚህ ግማሹን እንያዝ። በሰከንድ 50 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢሄድ 10 ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል። እርስዎ ጋ 90 ደቂቃ ፈጀ። ማለትም ፕሪንተሩ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ እየጠበቀ ነው እንጂ እያተመ አይደለም። መፈለግ ያለብን የሚቆምበትን ምክንያት ነው።

አሁን ሲያትሙ አጠገቡ ቆመው ያዳምጡት። አንድ ሌብል አትሞ ቀጥ ካለ፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ደግሞ ሌላ አንድ ካወጣ፣ ከኮምፒውተሩ የሚመጣለትን ዳታ እየጠበቀ ነው። ሌብሉን ወደ ፊት ገፍቶ፣ ቆርጦ፣ ሮሉን ወደ ኋላ ከሳበ ጊዜውን የሚበላው ከተሩ ነው። ሳይቆም ግን እየተንቀራፈፈ የሚሄድ ከሆነ የጥራት ሴቲንጉን ይዩ።

እኔ የምጠረጥረው የመጀመሪያውን ነው። ወርድ ከኤክሴል ጋር ሲያያዝ 500 ገጽ ይፈጥራል፤ እያንዳንዱ ገጽ ደግሞ ሙሉ ሥዕሉን ይዞ ነው የሚሄደው። ዲዛይነሮች ደግሞ ለሌብልም ለባነርም ያው ግዙፍ ፋይል መስጠት ይወዳሉ። 100 በ60 ሚሊ ሜትር የሆነ ሥዕል በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ 1200 ነጥብ) ሲዘረጋ ወደ 40 ሜጋባይት ይሆናል። በ500 ሲባዛ 20 ጊጋባይት! ይኼን በዋይፋይ ከላኩት ፕሪንተሩ ምን ያድርግ? ያው ሥዕል በ300 ዲፒአይ ሲሆን 2 ሜጋባይት ተኩል ነው። ዲዛይነሩን በሌብሉ ትክክለኛ መጠን፣ በ300 ዲፒአይ፣ ሁሉም ሌየር (የሥዕሉ ንብርብር) አንድ ላይ ተጠፍጥፎ፣ ያለ ትራንስፓረንሲ (የሚያሳልፍ ክፍል ሳይኖረው) በጄፔግ እንዲሰጥዎት ይጠይቁት። ጽሑፉንና ባርኮዱን ግን ከሥዕሉ ጋር አያስጠፍጥፉ፤ ደብዛዛ ይሆናሉ። እነሱን ለብቻ ከላይ ያስቀምጧቸው።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ባች ቁጥሩና ቀኑ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል? በአንድ ቀን የታሸገ አንድ ባች ከሆነ 500ውም ሌብል ቁርጥ አንድ ዓይነት ነው። እንግዲያው ኤክሴሉ ምን ያደርጋል? አንድ ገጽ ብቻ ይሥሩ፣ ባች ቁጥሩንና ቀኑን እዚያው ገጹ ላይ ይተይቡበት፣ ከዚያ ሲያትሙ ኮፒ የሚለው ቦታ ላይ 500 ይሙሉ። ብዙዎቹ ድራይቨሮች (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያገናኙት ፕሮግራሞች) ገጹን አንዴ አዘጋጅተው ነው የሚደግሙት። የነጭ ማር፣ የቀይ ማር እያሉ ሁለት ሦስት ዓይነት ሌብል በአንድ ፋይል የሚያትሙ ከሆነ ደግሞ «ኮሌት» የሚለውን ምልክት ያንሱት። ያለበለዚያ አንድ ነጭ፣ አንድ ቀይ እያፈራረቀ ያትማል፤ ሥዕሉንም በየተራ እንደ አዲስ ይጭናል።

በየጠርሙሱ የተለያየ ቁጥር የግድ ከሆነ ወርድን ይተዉት። ባርቴንደርን ወይም ናይስሌብልን የመሰለ የሌብል ሶፍትዌር ቁጥሩን ራሱ ይቆጥርልዎታል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የፕሪንተሩን ፕሮፐርቲስ ከፍተው፣ አድቫንስድ በሚለው ውስጥ «ስታርት ፕሪንቲንግ አፍተር ላስት ፔጅ ኢዝ ስፑልድ» (የመጨረሻው ገጽ ኮምፒውተሩ ላይ ከተጠራቀመ በኋላ ማተም ጀምር) የሚለውን ይምረጡ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያስጠብቃል። ከጀመረ በኋላ ግን የሚቆራረጠው በጣም ይቀንሳል። የሲ ድራይቩ በቂ ባዶ ቦታ እንዳለው ያረጋግጡ፤ ፋይሉ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ግንኙነቱም በዩኤስቢ ኬብል በቀጥታ ወይም በኔትወርክ ኬብል ይሁን።

ከተሩ «በየሌብሉ ቁረጥ» ላይ ከሆነ «በመጨረሻ ቁረጥ» ላይ ያድርጉት። ሌብሉ እንደ ሮል ይውጣ። የሚጠቀልል ማሽን ካለዎት መልካም፣ ከሌለዎት ንጹሕ ካርቶን ከሥር ያስቀምጡለት። ማሽኑ ካለ ግን በጣም አያጥብቁት፤ ሮሉን ከጎተተው ሕትመቱ እየተንሸራተተ ከሌብሉ ይወጣል።

የጥራት ሴቲንጉን በአንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ፍጥነቱን ይጨምራል፤ ነገር ግን ፊደላችንን ይፈትናል። የይዘቱ ዝርዝር በደቃቅ ፊደል ሲጻፍ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚያ ትንንሽ ቅጥያዎች ናቸው። «ቡ» ጎኑ ላይ ያለችው ጭረት ከተዋጠች «በ» ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ ሃያ ሌብል አትመው በዓይን ያንብቡ፣ ባርኮዱንም በስልክ ስካን ያድርጉ። ሄዱ (ቀለሙን የሚረጨው ክፍል) በሁለቱም አቅጣጫ ሲሄድ እንዲያትም የሚያደርገው ሴቲንግ ጠፍቶ ከሆነ ያብሩት። መስመሮቹ ከተዛነፉ መፍትሔው መልሶ ማጥፋት አይደለም፤ ከድራይቨሩ የሄድ አላይመንት (የሄዱን መስመር ማስተካከያ) ማሠራት ነው።

ሌብሉ ወደ ፕሪንተሩ የሚገባበት አቅጣጫ ላይ ችግር የለብዎትም። ሄዱ ግራና ቀኝ እየተመላለሰ በሚያትም ፕሪንተር ላይ አጭሩ ጎን በሮሉ ርዝመት ሲገባ ምልልሱ ያንሳል። የእርስዎም እንደዚያ ነው። ወደፊት ሮል ሲያዙ ይኼን አይቀይሩ።

ስለ መብራትም ሳልናገር አላልፍም። በመሃል ድንገት ሲሄድ ሄዱ ክዳኑ ውስጥ ሳይገባ ይቀርና ቀለሙ አፉ ላይ ይደርቃል። መብራቱ ሲመጣ ፕሪንተሩ ራሱን ሊያጸዳ ይነሳል፤ ጊዜም ቀለምም ያልቃል። ለኢንክጄት (ቀለም ረጭቶ ለሚያትም ፕሪንተር) ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያሠራ ባትሪ) ይበቃል። ሲጨርሱም ከሶኬት አይንቀሉት፣ በራሱ ቁልፍ ያጥፉት።

ለውጦቹን በአንዴ አያድርጉ። አንዱን ይቀይሩ፣ ሃያ ሌብል ያትሙ፣ ሰዓቱን በስልክ ይያዙ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ።

ሥራው ሰፍቶ በሳምንት ብዙ ሺህ ሌብል ማተም ከጀመሩ ግን ሌላ ባለ ቀለም ፕሪንተር አይግዙ። ባለ ቀለሙን ክፍል ባች ቁጥሩና ቀኑ የሚገቡበት ቦታ ባዶ ሆኖ ማተሚያ ቤት በሮል ያሳትሙ። ቁጥሩንና ቀኑን በሪበን (ቀለም በተቀባ ጥብጣብ) በሚሠራ፣ ጥቁር ብቻ በሚያትም ቴርማል ትራንስፈር ፕሪንተር ይጨምሩበት። እሱ ሥዕል አይጭንም፣ በቀለም መድረቅ አይቸገርም። ማር በሚነካው ጠርሙስ ላይ የሰም ሪበን ስለሚፋቅ፣ ፕላስቲክ ሌብልና የሬዚን ሪበን ይጠይቁ።