መልስ፦ ነጻው 3ዲማርክ ላይ ስትረስ ቴስቱ ለምን ተቆለፈብኝ?

ኮምፒውተርህ ምንም አልሆነም። 3ዲማርክ የግራፊክስ ካርድን አቅም የሚለካ ፕሮግራም ነው፤ ካርዱን ደጋግሞ አስጨንቆ የሚፈትነው ስትረስ ቴስት የሚከፈተው በሚከፈልበት አድቫንስድ ስሪት ነው። ነጻው ታይም ስፓይ የተባለውን ቴስት አስኪዶ ነጥብ ይሰጥሃል እንጂ ማሳያ ቪዲዮውን መዝለል ወይም ሴቲንጉን መቀየር አይፈቅድም።

ካርዱ በሙቀት ፍጥነቱን ይቀንስ እንደሆን ለማየት ብቻ ከሆነ አትክፈል፦

1. ዩኒጂን ሄቨን የተባለውን ነጻ የግራፊክስ መፈተኛ ክፈትና ኤፍ9ን (ነጥብ የሚሰጠውን ቴስት የሚያስጀምረውን ቁልፍ) ሳትጫን ተወው፤ እስክትዘጋው ድረስ ይዞራል።
2. ለ20 ደቂቃ ያህል የካርዱን ሙቀትና ክሎክ (የሚሠራበትን ፍጥነት) ተከታተል። ሙቀቱ ጣሪያ ነክቶ ክሎኩ እየወረደ ከሄደ ማቀዝቀዣው አልቻለም።

የሚከፈልበት ስትረስ ቴስት 20 ዙር አስኪዶ የፍሬም ፍጥነቱ 97 በመቶ እንዲረጋጋ ይጠይቃል፤ ያገለገለ ካርድ ለሚሸጥ ሰው ማስረጃ ይሆነዋል።

ኦንላይን ስታወዳድር ግን ጠቅላላውን ነጥብ ተወው፣ ሲፒዩው ገብቶበታል። የግራፊክሱን ነጥብ ብቻ፣ ያውም በዚያው ቴስት የተገኘውን፣ ተመልከት። ቤታ (የሙከራ) ድራይቨር ጭነህ 3ዲማርክ «ድራይቨሩ አልጸደቀም» ቢልህም ነጥቡ ተሳስቷል ማለት አይደለም።