ከታች በሩ ክፍት ነው፣ ከላይም ወንበር አለ፤ መሃሉስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ሦስት ደብዳቤዎች ሁሉም ከሕንድ የመጡ፣ ሴቶች በሥራ ላይ ስለሚያድጉበት መንገድ የሚጠይቁ ናቸው። ባለፈው ዕትም ቤንጋሉሩ በአንድ የውጭ ኩባንያ ቢሮ፣ በሰው ኃይል ክፍል ውስጥ እሠራ እንደነበር ጠቅሼ ነበር። እዚያ የሚማሩና የሚሠሩ አንባቢዎች ይህን ይዘው ጻፉልኝ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም እህታችን። ፑኔ ውስጥ ኤምቢኤ እየተማርኩ ነው። መምህራችን ስለ ሴት መሪዎች ሲያስተምር እነ ፔፕሲኮን የመራችውን ኢንድራ ኑዪን፣ የሻኔሏን ሊና ናይርን፣ የባዮኮኗን ኪራን ማዙምዳር ሾውን ይጠራል። ሕንዳውያን ጓደኞቼም በእነሱ ይኮራሉ። ለልምምድ የገባሁበት ኩባንያ ግን ፎቅ በወጣሁ ቁጥር ሴት እየጠፋች ትሄዳለች። ከታች ግማሽ በግማሽ ነን። የሥራ አስኪያጆች ስብሰባ ላይ ግን ቃለ ጉባኤ ከምትይዘው በቀር ሴት የለችም። ሉላዊነት በር ከፈተላቸው ይባላል። የቱን ልመን? (ከፑኔ)

መልስ፦ ሁለቱንም እመኚ እህቴ። መምህርሽ አልዋሸም፣ ዓይንሽም አልተሳሳተም።

አንቺ ካለሽበት ከተማ ልጀምር። በ1974 ፑኔ የሚገኘው ቴልኮ፣ የዛሬው ታታ ሞተርስ፣ መሐንዲሶችን ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። ማስታወቂያው ላይ ሴቶች እንዳያመለክቱ ተጽፎ ነበር። ቤንጋሉሩ ባለው የሕንድ ሳይንስ ተቋም ትማር የነበረችው ሱዳ ሙርቲ ተናደደች። ፖስት ካርድ ገዛችና በቀጥታ ለታታ ኩባንያዎች ሊቀ መንበር ለጄ አር ዲ ታታ ጻፈች። ለቃለ መጠይቅ ፑኔ ጠሯት፣ ቀጠሯትም። የኩባንያው የመጀመሪያ ሴት መሐንዲስ ሆነች።

ኪራን ማዙምዳር ሾው ደግሞ አውስትራሊያ ሄዳ የቢራ ጠመቃ ሙያ ተማረች። ስትመለስ የሕንድ ፋብሪካዎች ለሴት ጠማቂ ቦታ የላቸውም። በ1978 በ10,000 ሩፒ ቤንጋሉሩ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ባዮኮን የተባለውን የባዮቴክኖሎጂ ኩባንያ አቋቋመች። ባንኮች ለማበደር ሲያመነቱ ሸሪክ የሆናት የአየርላንድ ኩባንያ ነበር። ይህችን ነገር ልብ በያት። የአገሯ ፋብሪካዎች የዘጉባትን በር ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ከፈተላት። ሉላዊነት የሚባለው ነገር ለብዙዎቹ የሕንድ ሴቶች መጀመሪያ የመጣው በዚህ መልክ ነው።

ከ1991 በኋላ ደግሞ በሩ ሰፋ። ናራሲምሃ ራኦ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ማንሞሃን ሲንግ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ኢኮኖሚውን ሲከፍቱ የውጭ ባንኮች፣ አማካሪ ድርጅቶችና የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ጎረፉ። እነዚህ ብዙ ሰው በፍጥነት ይፈልጉ ነበር። የማን ልጅ ነሽ ከማለት ይልቅ ምን ትችያለሽ የሚሉትም ይበዙ ነበር። ዛሬ በቤንጋሉሩ፣ በሃይደራባድ፣ በፑኔ፣ በጉሩግራምና በሌሎች የሕንድ ከተሞች የዓለም ኩባንያዎች የከፈቷቸው የአገልግሎት ማዕከላት ከ1,700 በላይ ናቸው። አንቺም "ከታች ግማሽ በግማሽ ነን" ያልሽው ከዚህ የመጣ ነው።

አሁን ወደሚያስከፋው ልምጣ። በ2013 መጨረሻ ላይ የሕንድ የባንክ ዓለም ለዓይን ደስ ይል ነበር። የአገሪቱን ትልቁን ባንክ፣ ስቴት ባንክ ኦፍ ኢንዲያን፣ አሩንዳቲ ባታቻርያ ትመራለች። አይሲአይሲአይ ባንክን ቻንዳ ኮቻር፣ አክሲስ ባንክን ሺካ ሻርማ ይመራሉ። ጋዜጣው ሁሉ "የሴቶች ዘመን" አለ። በ2019 መጀመሪያ ሦስቱም ወንበሮች ላይ ወንዶች ተቀምጠው ነበር። አንዷ የሥራ ዘመኗ አልቆ፣ አንዷ ጊዜዋን አሳጥራ፣ አንዷ በውዝግብ መሃል ነው የሄዱት። የእያንዳንዷ ምክንያት ይለያይ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ከሦስቱ የአንዷንም ወንበር የተረከበች ሴት አለመኖሯ። ወንድ ሲወርድ ከኋላው አምስት ወንድ ተሰልፎ ይጠብቃል።

ሰልፉ የሚበተነው መሃል ላይ ነው። ከሠላሳ እስከ አርባ ዓመት ባለው ዕድሜ።

መንግሥት በ2019 ባደረገው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት መሠረት ያልተከፈለበት የቤት ሥራ የሚሠሩ ሴቶች በቀን በአማካይ 299 ደቂቃ ያጠፋሉ። ወንዶቹ 97። የሴቶቹ አምስት ሰዓት ገደማ ማለት ነው! ጥሩ ደሞዝ ያላት አብሳይና ሞግዚት ትቀጥራለች ይባላል። ትቀጥራለች። ግን ሞግዚቷ ስትቀር የማን ስልክ ይጮሃል? የአማቷን የሐኪም ቀጠሮ የምታስታውሰውስ ማን ናት?

ዓለም አቀፉ ሥራ ደግሞ በዚህ ላይ የራሱን ሸክም ጨመረበት። በበጋቸው ኒውዮርክ ረፋድ 5 ሰዓት ሲሆን ቤንጋሉሩ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ኒውዮርኮች ቡናቸውን ጠጥተው ስብሰባ የሚጠሩባት ሰዓት ናት። ቤንጋሉሩ ውስጥ ደግሞ ልጅ የሚበላባትና የሚተኛባት ሰዓት። እኛ ቢሮ ወንዶቹ ስብሰባውን ከቤት ሆነው በር ዘግተው ይገቡ ነበር። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ትገባ ነበር። ቤት ውስጥ ከሆነች "እማዬ" የሚለው ድምፅ አይቋረጥም። በግምገማ ጊዜ ስለ እሷ የተጻፈው ምን መሰለሽ? "ስብሰባ ላይ ብዙ አትናገርም።"

አንድ ልጨምርልሽ። ለሲንጋፖር ቢሮ ሰው ሊመረጥ ስም ዝርዝር ቀረበ። አንዲት ሴት ከላይ ነበረች፤ በውጤትም በልምድም። የክፍሉ ኃላፊ "እሷ እንኳ ልጇ ትንሽ ነው፣ አትሄድም፣ ባናስቸግራት ይሻላል" አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ያዘነላት መስሎታል። "ማን ጠየቃት?" አልኩ። ማንም አልጠየቃትም። በማግስቱ ስጠይቃት ባሏ ከርቀት የሚሠራ ሰው እንደሆነና አብሯት እንደሚሄድ ነገረችኝ። ቦታው ግን ያን ምሽት ለሌላ ተሰጥቷል። ውጭ አገር ሳይሠሩ ከፍተኛ አመራር መግባት በዚያ ኩባንያ አይቻልም ነበር። እንግዲህ የእሷ መንገድ የተዘጋው በአንድ አዛኝ ዓረፍተ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ነገር የትኛውም ሪፖርት ላይ አይገባም።

ሌላም አለ፣ በክፍልሽ ብዙ የማይነሳ። የምትጠሪያቸው ስሞች አብዛኞቹ ከትልልቅ ከተሞች የመጡ፣ በእንግሊዝኛ የተማሩ፣ ቤተሰባቸው ከበፊትም የተማረ ናቸው። ኢንድራ ኑዪ ከቼናይ ተነስታ በካልካታው የማኔጅመንት ተቋም አልፋ ነው አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ የገባችው። ድካሟን አላሳንስም። ነገር ግን ከቢሃር ትንሽ ከተማ በሂንዲ ተምራ የመጣች፣ ከዝቅተኛ ካስት (የትውልድ መደብ) የተወለደች ልጅ ለኢንድራ የተከፈተው በር ፊት ስትቆም እኩል አይደለችም። አነጋገሯ ብቻውን ያስመልሳታል። ሉላዊነት የጾታን አጥር ሲያፈርስ የእንግሊዝኛን አጥር ከፍ አድርጎታል።

ለአንቺ የምመክርሽ ይኸውልሽ። ሥራ ስትመርጪ ገቢና ትርፍ የሚቆጠርበትን ቦታ አትሽሺ። ሽያጭ፣ ፋብሪካ፣ አንድን ክልል ሙሉ ማስተዳደር። ሴቶችን ደጋግመው ወደ እኔ ሙያ፣ ወደ ሰው ኃይል፣ ወይም ወደ ኮሙኒኬሽን ይገፏቸዋል። ሥራው አይናቅም፤ እኔም እንጀራዬን በልቼበታለሁ። ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሚመረጠው ግን ከዚያ እምብዛም ነው። ሊና ናይር በሰው ኃይል አልፋ በ2022 የሻኔል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነች፤ ይህ ብርቅ ነው። እሷም ብትሆን በ1992 ሂንዱስታን ሊቨር ስትገባ ፋብሪካ ውስጥ ሠርታለች። ያው ኩባንያ፣ የዛሬው ሂንዱስታን ዩኒሊቨር፣ የመጀመሪያዋን ሴት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ያገኘው በነሐሴ 2025 ነው። ፕሪያ ናይር ትባላለች፤ የመጣችው በሽያጭና በግብይት በኩል ነው።

ጥያቄ፦ ዴልሂ የንግድ ሕግ ተማሪ ነኝ። የሕንድ ሕግ በአክሲዮን ገበያ ያሉና ሌሎች ትልልቅ ኩባንያዎች ቦርዳቸው ላይ ቢያንስ አንዲት ሴት እንዲያስቀምጡ ያስገድዳል። በግድ የተቀመጠች ሴት ምን ትጠቅማለች? ችሎታ የት ሄደ? (ከዴልሂ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ችሎታ የሚለው ቃል ሴት ስትመጣ ብቻ ነው ከመሳቢያ የሚወጣው። የባለቤቱ ልጅ ቦርድ ላይ ሲቀመጥ ማን ጠይቆ ያውቃል?

ግን ጥርጣሬህ ከየትም አልመጣም። ሕጉ በ2013 ሲወጣ ብዙ ኩባንያዎች ቀነ ገደቡ እስኪደርስ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። በመጨረሻ ሰዓት ያመጧትም ሚስትን፣ እህትን፣ ልጅን ነበር። ሕጉ ተከበረ፤ ወንበሩም ከቤት አልወጣም። የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው ሴቢ ይህን አይቶ ደንቡን አጠበቀ። ከ2019 ሚያዝያ ጀምሮ በገበያ ዋጋቸው ትልልቆቹ 500 ኩባንያዎች ቢያንስ አንዲት ገለልተኛ ሴት የቦርድ አባል እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። በዓመቱ ወደ 1,000 ኩባንያዎች ሰፋ። ገለልተኛ ማለት የባለቤቱ ዘመድ ያልሆነች ማለት ነው። እኔ ይህን ማሻሻያ ከዋናው ሕግ አስበልጬ ነው የማየው።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ኩባንያ አንዲት አስገብቶ "ጨረስን" ይላል። ደግሞ ስማቸው የታወቀ ጥቂት ሴቶች ከቦርድ ወደ ቦርድ ይጠራሉ። የቦርድ አባል ደግሞ ኩባንያውን በየቀኑ አትመራም፤ በየሩብ ዓመቱ መጥታ ትጠይቃለች። ሕጉ ቦርድ ክፍል ሴት አስገባ እንጂ ከታች ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለችውን ሴት ወደ ሦስተኛው አላወጣትም። ለመመረቂያ ጽሑፍህ ርዕስ ከፈለግህ ይኸው።

ሮሽኒ ናዳር ማልሆትራን ታነሳብኝ ይሆናል። በ2020 ኤችሲኤልን ከአባቷ ተረክባ፣ አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ የሕንድ አይቲ ኩባንያን በሊቀ መንበርነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። አዎ፣ ወራሽ ናት። ወንዶች ልጆች በሙሉ ሲወርሱ ዝም ተብሎ የእሷ ላይ ሲደረስ መቁጠር ከተጀመረ ግን እኔ የለሁበትም።

ጥያቄ፦ ሃይደራባድ አንድ የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ተቀጥሬያለሁ፣ በቅርቡም ሕንዳዊ እጮኛዬን አገባለሁ። የወሊድ ፈቃዱ 26 ሳምንት ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ግን "እሱ ነው የሚጎዳን" አለችኝ። እንዴት? (ከሃይደራባድ)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ። ፈቃዱ ጥሩ ነው፣ ውሰጂው። በ2017 ከ12 ሳምንት ወደ 26 ከፍ ተደርጓል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች። ባልደረባሽ የተናገረችው ስለ ሒሳቡ ነው። እንደ አንቺ ላሉ የቢሮ ሠራተኞች የስድስት ወሩን ደሞዝ የሚከፍለው አሠሪው ብቻውን ነው። በግል ድርጅት ለሚሠራ አባት ደግሞ በሕግ የታዘዘ ፈቃድ የለም። ስለዚህ አንዳንድ አለቃ ገና ለቃለ መጠይቅ የመጣችን ወጣት ሴት ሲያይ ስድስት ወር ደሞዝ ያያል። በአፉ አይናገረውም። "ቡድኑን አትመጥንም" ይላል።

ይኸው ሕግ 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው ድርጅት የሕፃናት ማቆያ እንዲኖረው ያዛል። ያንቺ ኩባንያ አለው? "አለን" ካሉሽ የት እንደሆነ ጠይቂ። ቢሮሽ ሃይቴክ ሲቲ፣ ማቆያው የከተማው ሌላ ጫፍ ከሆነ ወረቀት ላይ ነው ያለው።

ከማግባትሽ በፊት ከእጮኛሽ ጋርም አውሪ፣ ከሠርጉ ድግስ በላይ። የት እንኖራለን? ከእናትህ ጋር? ኩባንያዬ ወደ ውጭ ቢልከኝ ትከተለኛለህ? ኢንድራ ኑዪ የፔፕሲኮ ፕሬዚዳንት መሆኗን ልትናገር ማታ ቤት ስትደርስ እናቷ ወተት እንድትገዛ እንደላኳት ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። ባሏ ቀድሞ ቤት ገብቶ ነበር። ሰው ይህን የሚያወራው ለሳቅ ነው። እኔ አልስቅም። ያችው እናት ግን አብራቸው እየኖረች የኢንድራን ልጆች በማሳደግ ያገዘቻትም ናት። የሕንድ ቤተሰብ እንዲህ ሁለቱንም ነው፤ ሸክምም ድጋፍም። የትኛው እንደሚበዛ ደግሞ ከሠርጉ በፊት መነጋገር ይቻላል።

ለአለቃሽ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂ፦ ባለፉት ዓመታት ከወሊድ ፈቃድ የተመለሱት ሴቶች ከዓመት በኋላ ስንቶቹ አሉ? ስንቶቹስ አድገዋል? አሩንዳቲ ባታቻርያ ስቴት ባንክን ስትመራ ለልጅ ወይም ለታመመ ወላጅ እንክብካቤ ሴቶች እስከ ሁለት ዓመት ፈቃድ ወስደው እንዲመለሱ ያደረገችው ሠራተኛ የሚጠፋው እዚያ ጋ መሆኑን ስለምታውቅ ነው። ታታም በ2008 ሥራ አቋርጠው ለቆዩ ሴቶች የመመለሻ ፕሮግራም ጀምሯል። ኩባንያሽ ቁጥሩን ከነገረሽ ጥሩ። "እንዲህ ያለ መረጃ አንይዝም" ካለሽ ሌላ ቦታ ማመልከት ጀምሪ፣ ግን የአዲሱ ቅጥር ደብዳቤ እጅሽ ሳይገባ እንዳትለቂ።